በበቆሎው ዳር 23 ዙር

ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ላይ ቁልቁለት ሲመጣ እግር ያርፋል። ፔዳሉን አቁሞ ነፋሱን በደረት መቀበል፣ ካሻም ማፏጨት ይቻላል። ባለ አንድ ጎማው ላይ ይህ ሁሉ የለም። ፔዳሉ በቀጥታ ከጎማው መሃል ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሰንሰለት የለው፣ ማርሽ የለው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር እግርም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ጎማው ሲፈጥን እግርም ወደደም ጠላም ይፈጥናል። ዳገቱን ትገፉታላችሁ፣ ቁልቁለቱን ደግሞ እንዳያመልጣችሁ ወደ ኋላ ትይዙታላችሁ። እኔን ጭኔን የሚያቃጥለኝ እንዲያውም ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ማረፍ የፈለገ ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ መውረድ። የወረደ ሰው ደግሞ ተመልሶ መውጣት አለበት፣ ሲደክም ደግሞ አወጣጡ ከመንዳቱ ይከብዳል።

ይህን ነገር ይዞ ጫካ ለጫካ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መዞር የሚባል ስፖርት አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ። መነሻው የተራራ ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሌርድ ናይት የሚባል አሜሪካዊ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ለቡድኖች የ24 ሰዓት ቅብብሎሽ አዘጋጀ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንድ የዙር መንገድ ይመረጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ነገሩ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፣ ያለ ቡድን ብቻቸውን የሚዞሩም መጡ፣ ቆይቶ ደግሞ ከብስክሌቶቹ መሃል ባለ አንድ ጎማ ይዘው የሚሰለፉ ሰዎች ብቅ አሉ። አንዱን ጎማ ከሰርከስ መድረክ አውጥተው ተራራ ላይ ካስተዋወቁት ሰዎች ካናዳዊው ክሪስ ሆልም አንዱ ነው። ሳም ዌክሊንግ የሚባል ብሪታኒያዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ዌልስ ውስጥ በ24 ሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ጅማን አልፎ፣ በደሌ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እርግጥ የእሱ ተራራ ላይ አልነበረም። ቢሆንም እኔ ይህን ቁጥር ያነበብኩ ቀን ምሳ አልበላልኝም።

በእኛ አገር ብስክሌት የራሱ ታሪክ አለው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አንድ ጎማ ግን እኛ ጋ የሰርከስ ዕቃ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ተመሥርቶ እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ ጅማም የራሷ ሰርከስ ነበራት፤ እኔም መንዳት የተማርኩት እዚያው ጅማ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ሰርከስ ከሚለማመዱ ልጆች ነው። የቁጥጥር ሥርዓት የሚባል ኮርስ ነበረን። መምህሩ የተገለበጠ ፔንዱለም ሰሌዳ ላይ ስሎ፣ ቀመሩን ጽፎ፣ እንዳይወድቅ የሚያደርገውን ሒሳብ ሁለት ሳምንት አስተማረን። ከሰዓት ሄጄ ያ ፔንዱለም እኔው ራሴ ሆንኩ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፔዳል፣ ወደ ጎን ደግሞ ወደምትወድቅበት አቅጣጫ በመታጠፍ ነው ሚዛን የሚጠበቀው። ያስተማረኝ ልጅ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሒሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰልኝ፦ «መሬቱን አትየው፣ መሬቱ የትም አይሄድም።»

የራሴን ያገኘሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ካናዳ ያለችው እህቴ ፈታትታ በሻንጣ አመጣችልኝ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ቸርኬውን አገላብጦ አየና «ሌላው ጎማ የት አለ?» አላት። የለውም ስትለው አዘነላት መሰለኝ፣ «ተሸውደሻል እኮ እህቴ» ብሎ አሳለፋት። ባለ 26 ኢንች ነው፤ ወፍራም ጎማ፣ ከኮርቻው ሥር ትንሽ መያዣ፣ አንድ ፍሬን። አንድ ዙሩ 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እግሬ በደቂቃ 80 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው፣ ያለ ዕረፍት፣ ቁልቁለትም ቢሆን።

ወደ መቱ የተመለስኩት ሥራዬ የትም ሆኜ የምሠራው ስለሆነ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሰሜን አሜሪካ ናቸው፣ የእነሱ ቀን የእኔ ሌሊት ነው። እዚህ ሰፈር «ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጥ ልጅ» ነኝ። እንደ ሥራ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ብድር ሲፈልጉ ነው የሚቆጥሩት።

የ24 ሰዓቱን ነገር ለራሴ ለመሞከር ያሰብኩት በመጀመሪያ አስፋልት ላይ ነበር። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሄድ፣ መመለስ፣ መሄድ፣ መመለስ። ጎሬ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሲሄዱ ዳገት ሲመለሱ ቁልቁለት ይበዛዋል፣ ጥሩ ፈተና ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በሌሊት ከከተማ ወጥቶ አስፋልት ላይ መገኘት የሚታሰብ አይደለም፤ ምክንያቱን የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ይህን እያወራሁ አጎቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «መዞር ከሆነ የፈለግኸው ለምን የኔን በቆሎ አትዞርልኝም?» አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

ኢሉባቦርን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። አገራችን ሲባል ሰው የሚያስበው ቡናውንና ጫካውን ነው፤ የያዩን የጫካ ቡና፣ የሶርን ፏፏቴ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበውን ዝናብ። ጫካ ያለበት አገር ግን ጫካው ውስጥ የሚኖርም አለ። በቆሎ እሸት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ በቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ በሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ ይወርዱበታል። ጋሼ አሳማውን ቦዬ ነው የሚሉት። ቦዬ እንደ ዝንጀሮ አንድ ራስ ቆርጦ አይሮጥም፤ በመንጋ ገብቶ አገዳውን እየጣለ፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ረግጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ገበሬው እርሻው ጫፍ ላይ ማማ ይሠራል፤ ሁለት ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ወር፣ ሌሊቱን እዚያ ያድራል። ጣሳ ይደበድባል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው እየተጠራራ ይነጋል። አውሮፓ ውስጥ በውድድር ቁጥር ተለጥፎበት፣ ትኩስ ሾርባ ተዘጋጅቶለት አንድ ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው ሜዳሊያ ይሰጠዋል። እዚህ 60 ሌሊት ያደረ ሰው የሚሰጠው የራሱን በቆሎ ነው፤ እሱም ከተረፈ።

የጋሼን ማማ ድሮ የሚጠብቀው የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አረብ አገር ሄደ። አምና ጋሼ ብቻቸውን ጠበቁ፣ በአንድ ሌሊትም የእርሻውን ግማሽ ያህል ቦዬ ጨረሰባቸው። «ዝናቡ ነው ድምፃቸውን የሸፈነብኝ» ይላሉ። እትዬ፣ ሚስታቸው፣ ይህ ወሬ ሲነሳ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። ዘንድሮ መሬቱን ለእኩል ስጥ ወይም ተወው የሚላቸው ሰው በዝቶ ነበር። እርሳቸው ደግሞ ማማ ላይ መውጣት ያቆመ ቀን ሰው አረጀ ይባላል ብለው ያምናሉ። በግልጽ አይናገሩትም እንጂ።

ቀበሌ ማስፈቀድ ነበረብን፤ በሌሊት ብርሃን ይዞ ሲንቀሳቀስ የታየ ሰው ይጠየቃል። ኃላፊው ዓላማው ምንድን ነው አለኝ። ስፖርት ነው አልኩት። «ስፖርት ከሆነ በቀን ይሁን» አለ፣ እውነቱን ነው። ጋሼ ከኋላዬ፣ «ሰብል ጥበቃ ነው» አሉ። «እንደዚያ በሉና!» ብሎ ለሚሊሻዎቹ ስልክ ደወለ።

መንገዱን በሁለት ቅዳሜ አዘጋጀሁት። 4.2 ኪሎ ሜትር ነው። ከጋሼ ቤት ጓሮ ይነሳል፣ በቡናው መሃል በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደ ሶር የምትገባ አንዲት ጅረት ላይ በእንጨት ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያ ሥር የበዛበትን ዳገት ወጥቶ የበቆሎውን ዳር 600 ሜትር ያህል ይዞ በማማው ሥር ያልፍና ወደ ቤት ይመለሳል። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ 24 ዙር ከዞርኩ 100.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መቶን ማለፍ ፈለግሁ። በሰዓት አንድ ዙር፣ ከነዕረፍቱ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀመርኩ። የፈረንጆቹ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይጀመራል፤ የእኛ ሰዓት ግን ለዚህ ነገር የተሠራ ይመስላል፣ 12 ሰዓት ቀን፣ 12 ሰዓት ሌሊት። አንድ ነገር ግን አለ። እንግሊዝ ውስጥ በሰኔ የሚዞር ሰው ሌሊቱ አጭር ነው፤ እኛ ዘንድ ጨለማው ሙሉ 12 ሰዓት ነው፣ አይቀንስም። መቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ ከአዲስ አበባ አሥር ደቂቃ ከምናምን ዘግይታ ነው የምትወጣው። የመጀመሪያውን ዙር ግማሽ በባትሪ ሄድኩት። መብራቶቹን የሠራኋቸው ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ካወጣኋቸው ሴሎች ነው፤ ሥራዬን የሚያከብር ሰው ቢኖር በዚያ ሌሊት ነበር።

ስለ ቀኑ ብዙ የምለው የለም። ቡና ለቀማ ስለተጀመረ ጫካው ሰው ነበረው፤ ልጆች እስከ ቀትር ከኋላዬ ሮጡ፣ ከቀትር በኋላ ሰለቻቸው። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አይተውኝ ዝም አሉ። በየሦስት ዙሩ እየወረድኩ በላሁ፦ በሶ፣ ማር፣ ሙዝ፣ እትዬ የቀቀለችው አንጮቴ። አንጮቴ ለአጥንት ነው ይባላል፤ የተሰበረ ሰው ይበላዋል። «አስቀድመህ ብላው» አለችኝ፣ አወዳደቄን ስታይ ቆይታ። በነገራችን ላይ ሰው ስለ እግር ነው የሚጠይቀኝ። እግር አይደለም ችግሩ። ብስክሌት ላይ ክብደት በእጅ፣ በእግርና በመቀመጫ ይከፋፈላል፣ ቆም ብሎ መንዳትም ይቻላል። አንድ ጎማ ላይ አብዛኛው ክብደት ኮርቻው ላይ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተቀመጥኩበት ቦታ የኔ አልመስልህ አለኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ዙር ሞልቼ ነበር። ጋሼ ራታቸውን በልተው ጋቢያቸውን ለብሰው ማማው ላይ ወጡ። የስልኬ ጂፒኤስ ከዛፍ ሥር ሲገባ ስለሚዘል ቆጠራውን እርሳቸው ያዙ፤ በማማው ሥር ባለፍኩ ቁጥር «ሜቃ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ስንት ማለት ነው፤ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፣ አንድ የበቆሎ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። የቀኑን 12 ፍሬ አስቀድመው ቆጥረው ጨምረውታል። ኪው የሚለው ድምፅ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል። የጎረቤት ማማዎችም ብርሃኔን እያዩ መጣራት ጀመሩ። «ጃባዱ!» ይላሉ፣ በርታ። እኔ ስመልስ ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ ይስቃሉ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት ከሩቅ ጮኸው፣ «የኔን ዳርም ንካልኝ እንጂ!» አሉ።

በሌሊት መንዳት ሌላ ነገር ነው። መብራቱ የሚያሳየው አምስት ሜትር ነው፤ ሥሩ ከድንጋዩ፣ ጥላው ከጉድጓዱ አይለይም። በዓይን የሚነዳው ነገር በእግር ማንበብ ይሆናል። ፔዳሉ ሲከብድ ዳገት ነው፣ ሲገፋኝ ቁልቁለት ነው፣ ሲንሸራተት እርጥብ ቅጠል ነው። እንቅልፍ የያዘኝ 15ኛው ላይ ነው፤ ግን ብስክሌት ላይ ሆኖ የሚያንቀላፋ ሰው ትንሽ ይሄዳል፣ አንድ ጎማ ላይ ያንቀላፋ ወዲያው ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፣ ሦስቱም ነቃ አደረጉኝ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 18ኛውን ዙር ጨርሼ በማማው ሥር አለፍኩ። «ሜቃ?» አልተባለም።

ጥቂት ሄጄ ወረድኩ። ተመለስኩ። መሰላሉን ሦስት እርከን ወጥቼ አዳመጥኩ። ጋሼ ያንኮራፋሉ። ጣሳው በእግራቸው መሃል፣ ጅራፉ ጭናቸው ላይ፣ አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ልክ እንደነቃ ሰው ተቀምጠው። ዝናብ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ከጅረቷ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ያኔ ነው አምና ምን እንደሆነ የገባኝ። እትዬ ለምን ጓዳ እንደምትገባም።

ልቀሰቅሳቸው እችል ነበር። ግን ሰብል ጠባቂን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ምን ማለት እንደሆነ እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝና አውቃለሁ። ዙሬን ልቀጥልም እችል ነበር፤ ከቀጠልኩ ግን በቆሎው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ሰው ይቀራል፤ ሰዓቱ ደግሞ የቦዬ ሰዓት ነው። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ድምፅ ሳላሰማ ኮርቻው ላይ ለመውጣት አራት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ የበቆሎውን ዳር ብቻ፣ 600 ሜትር ወዲያ፣ 600 ሜትር ወዲህ መመላለስ ጀመርኩ። ዙር አይደለም፣ አይቆጠርም። በየጫፉ መዞር አለብኝ፤ ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ጎማ ማዞር ደግሞ በ19ኛው ሰዓት ደስ አይልም።

8 ሰዓት ሊሆን ሲል ታችኛው ጫፍ ላይ መብራቴ ዓይኖች አገኘ። ስድስት ወይም ሰባት፣ ከጅረቷ ወጥተው አጥሩን ሊያልፉ የደረሱ። እነሱም ቆሙ፤ እኔ ግን መቆም አልችልም፣ አንድ ጎማ አይቆምም። ወደ እነሱ እየሄድኩ ነው። አምስት ሜትር ሲቀረኝ ዘልዬ ወረድኩ፣ ጎማው ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ጓ አለ። ያ ሁሉ ሥጋ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ሲሮጥ መሬቱ በጫማዬ ውስጥ ተሰማኝ። በስተኋላ ከማማው ላይ ጅራፉ ጮኸ፣ የጋሼም ድምፅ መጣ፦

«አለሁ! አለሁ! አይቻቸዋለሁ!»

«አዎ ጋሼ፣ ሄዱ» አልኩ።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ጎማዬን እያየሁ ነው።»

ቀሪውን ጊዜ አልወረድኩም ማለት ይቻላል። ከ8 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት አምስት ዙር ዞርኩ፤ የመጨረሻውን ዳገት እየገፋሁት በእግሬ ነው የወጣሁት፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ስጨርስ እትዬ እሳት አንድዳ፣ ጋሼ ጣሳውን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። ፍሬዎቹን መደብ ላይ ዘርግፈው ሁለት ሁለት አድርገው ቆጠሩ። 22 ሆነ። ቀና ብለው አዩኝ፤ በሌሊት ራሴ እየጮህኩ የነገርኳቸው የመጨረሻው ቁጥር 23 ነበርና።

«አንዱን የት አደረግነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ሳልቆጥር አልቀርም፣ እንቅልፍ አስክሮኝ ነበር» አልኩ። እትዬ ሲኒውን አቀበለችኝና ወደ እሳቱ ዞረች።

22 ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ 22 ነው የሚያውቀው። ይህን የምጽፈው ጋሼ እንደማያነቡት ስለማውቅ ነው፤ ስልካቸው ሬዲዮና ባትሪ ያለው ነው፣ ከዚያ በላይ አይፈልጉም። ለእናንተ ግን 23 ነበር፤ 96.6 ኪሎ ሜትር፣ በጎማ ዙር 46 ሺህ፣ የዳሩ ምልልስ ሳይጨመር። መቶ አልሞላም።

ዓርብን ቅዳሜ አድርጌ እስከ ማታ ተኛሁ። እሑድ ማታ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ማማው ላይ ኔትዎርክ የተሻለ ነው አልኳቸው። እውነትም ትንሽ ይሻላል። ሥራዬ ከሌሊቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ስለሆነ ለቦዬ ይመቻል። እስክሪኑ ያበራል፣ በስብሰባ ላይ አወራለሁ፣ አንዳንዴም ማይኩን ዘግቼ ጣሳ እደበድባለሁ። አንድ ጊዜ ሳልዘጋው ቀርቶ የቡድን መሪዬ ምንድን ነው አለችኝ፤ አሳማ ነው አልኳት። ጋሼ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጋቢያቸው ውስጥ ይገባሉ፤ «ዓይኔን ላሳርፍ እንጂ አልተኛም» ይላሉ። ጎማዋ ማማው ሥር ትቆማለች። አልፎ አልፎ፣ እንቅልፍ ሲጫነኝ፣ ወርጄ ዳሩን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ እላለሁ።

በኅዳር ተሰበሰበ። ካለፈው ዓመት 9 ኩንታል ዘንድሮ 16 ሆነ። ልጃቸው ከአረብ አገር ደውሎ በስፒከር ሲያወሩ እኔም እዚያው ነበርኩ። ማን ጠበቀላችሁ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሼ። «ይኼ ልጅ ደግሞ ኢንተርኔት ፍለጋ ይመጣ ነበር።»